ሰባት ዴሲቤል በግራ በኩል

ባለ ስፒከሯ መሰላሏን በትከሻዋ፣ የመሣሪያ ሣጥኗን በእጇ ይዛ የተቋራጩን ቤት ደወል ስትደውል በሩን የከፈተችላት ትልቋ ልጃቸው ነበረች። ሰላምታ የሚባል ነገር አልነበረም።

"ደግሞ መጣሽ?"

"ጠርታችሁኝ ነው።"

"መቼ ነው የማትጠሪው? አክስቶቻችን እንኳ በዓመት አንዴ ነው ብቅ የሚሉት።" ከላይ እስከ ታች አየቻት። "ጫማሽን አውልቂ። ምንጣፉ አዲስ ነው።"

ምንጣፉ አዲስ አልነበረም። ባለ ስፒከሯ ግን ከእህትየው ጋር የምትከራከርበት ጉልበት አልነበራትም፤ ያላትን ሁሉ ለወንድምየው ቆጥባ ነበር የመጣችው። ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ወደዚህ ቤት ለልክ ሥራ ስትመጣ ይህ አራተኛዋ ነው። ሰው ሁሉ ባለ ስፒከሯ የሚላት የቤት ውስጥ ሲኒማ ስለምትገጥም ነበር፤ ግድግዳ ትበሳለች፣ ሽቦ ትቀብራለች፣ ድምፅ ትለካለች። አባቷ የሕንፃ ዘበኛ ነው። ተቋራጩ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕንፃ ሲያቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው። አባቷ በሩ ላይ ከሚቆምላቸው ሕንፃዎች መካከል የእሳቸው እጅ ያላረፈበትን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ታናሽ ልጃቸው አለ። በአባቱ ቢሮ ተቀምጦ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ያሰላል። ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ እጁ ጥሩ ነው። "በሚቀጥለው ሳምንት ስለ እኛ ለአባዬ እነግረዋለሁ" ሲላት ግን ወራት አልፈዋል።

እሷም የደበቀችው ነገር ነበራት። የእሷ ከእሱ ይብስ ነበር።

ልጁ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ሰው ፊት "እርስዎ" ነው የምትለው፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው አልነበረም።

"ዛሬ ትነግረዋለህ ወይስ አትነግረውም?"

"መጀመሪያ የኋላውን ግራ እይው።"

"ወረቀት ለማንበብ አልመጣሁም። በአፍህ ንገረኝ።"

"እይው ብዬሻለሁ እኮ። አንዴ ብቻ።"

"ባለፈው ጊዜ አዝኗል አልክ። ከዚያ በፊት እንግዳ አለበት አልክ። ሳያዝን፣ ሳይደሰት፣ እንግዳ ሳይመጣበት የሚውልበትን ቀን ጽፈህልኝ ከሆነ ላንብበው።"

ሳቀ። ስትቆጣ ሁልጊዜ ይስቃል፤ ያ ሳቅ ስንት ጊዜ እንዳሸነፋት ታውቃለች። ዛሬ አላሸነፋትም። አንድ ነገር ሊጨምር አፉን ሲከፍት እህቱ የሻይ ትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

"ምን ትንሾካሾካላችሁ?"

"ስለ ገመዱ ነው፣ እትዬ" አለ ልጁ።

"ገመድ!" አለች እህትየው፣ ትሪውን ይዛ እያለፈች። "ገመድ እንዲህ ፊት ሲያቀላ ዛሬ አየሁ።"

የኋላው ግራ የሚሉት ፖስታ ቤታቸውን ነው። በሲኒማ ክፍሉ ውስጥ ሰባት ስፒከሮች ዙሪያውን ተሰቅለዋል፤ ሦስት ከፊት፣ ሁለት ከጎን፣ ሁለት ከኋላ። የእያንዳንዳቸው የጨርቅ ሽፋን በማግኔት ነው የሚያዘው፤ በጥፍር ሳብ ሲያደርጉት ይለቃል፤ መልሰው ሲያስጠጉት ቀጭ ብሎ ይገጥማል። ከሽፋኑ ኋላ ደግሞ አንድ የታጠፈ ወረቀት የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። ከሁለተኛው ሥራ ጀምሮ ደብዳቤያቸው እዚያ ነው የኖረው። በየአሥራ አምስት ቀኑ አቧራ ለመጥረግ በሚል ትመጣለች፤ ትወስዳለች፣ ታስቀምጣለች። ልጁ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ጽፎ ስለማያውቅ ለእሷም እንደ ቢሮ ነበር የሚጽፍላት። "ጉዳዩ፦ ትናንት ስላለመምጣትሽ" ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ነበር። ኋላ ግን ደፋር የሚሆነው "ጉዳዩ" ብሎ ከጀመረ ብቻ መሆኑን ደረሰችበት፤ ያን ቀን ነው የወደደችው።

ሥራዋን ጀመረች። ድምፁን ተቀብሎ ለሰባቱ ስፒከሮች የሚያከፋፍለው አዲሱ መሣሪያ አጎንብሶ ካልሆነ የማይነሳ ከባድ ዕቃ ነበር። ሐሳቡ የልጁ ነው። አባቱ ፊልም ባዩ ቁጥር "ሰዎቹ ለምንድን ነው የሚንሾካሾኩት?" እያሉ ሲያማርሩ የሆነ ቦታ አነበበና፣ "አባዬ፣ አሮጌው ዕቃ ሙሉውን ድምፅ አያሳልፍም፤ ዲስኩ ላይ ያለው ተጨምቆ፣ ተቀንሶ ነው አንተ ጋ የሚደርሰው። ምንም የማይቀንሰውን እንግዛ" አላቸው። እሷም ስትጠየቅ "ልክ ነው" አለች። ውሸት አልነበረም። አሮጌው ዕቃ ድምፁን የሚቀበለው በቀጭን የብርሃን ገመድ ነበር፤ ሰባቱ ስፒከሮች የሚሉት ሁሉ በዚያ ገመድ አልፎ እንዲመጣ መላጨት ነበረበት። አዲሱ ሳይላጭ፣ ቅንጣት ሳይጎድል ያሳልፋል። ሁሉም እውነት ነው። ችግሩ ግን እዚያ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር።

ተቋራጩ በነጠላ ጫማ እየተጎተቱ ገቡ።

"ባለ ስፒከሯ! ዛሬ ካልሰማሁ ግድግዳውን ነው የማፈርሰው።"

"እርስዎ ካፈረሱት ማን ይሠራዋል፣ ጋሼ?"

"እኔው ነኛ። መጀመሪያ ስሠራው ነው የተበላሸው።" እየሳቁ ከትልቁ ወንበር አጠገብ ቆሙ። "እዚህ ልቀመጥ?"

"መጀመሪያ ማይኩ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ እርስዎ።"

የልኩ ሥራ እንዲህ ነው። ሰው በሚቀመጥበት ቦታ፣ በሰው ጆሮ ከፍታ፣ ትንሽ ማይክ በመቆሚያው ላይ ይደረጋል። ክፍሉ ጸጥ ይላል። መሣሪያው ስፒከሮቹን አንድ በአንድ "ሽሽሽ" እያስባለ ከየትኛው ስንት እንደደረሰው ይለካል፤ የጎደለውን ያሟላል፣ የበዛውን ይቀንሳል። ከዚያ ማይኩ ይነሳና ባለቤቱ ይቀመጣሉ፤ "ይሄ ይጨመር፣ ያ ይቀነስ" ይላሉ። ባለ ስፒከሯ ይህን ሁሉ ትጽፋለች። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አላት፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ። ገጹ ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ ላይ "ማይክ" ይላል፣ ሌላው ላይ "ጆሮ"። ማይኩ ያለውንና ሰውየው ያሉትን ለይታ የምትጽፈው፣ ደንበኛ ነገ ተመልሶ "አበላሸሽብኝ" ቢላት የምታሳየው እንዲኖራት ነው።

ማይኩ ለክቶ ጨረሰ። ግራና ቀኝ እኩል። ጻፈችው፤ ልዩነት ዜሮ።

ተቋራጩ ተቀመጡ፤ ዝናብ የሚዘንብበትን ፊልም አስገባችላቸው። ከጣሪያ እስከ ወለል ዝናብ ሆነ። ከኋላ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል፣ ከጎን ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል። ልጁ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ ዝናቡ ላይ ሳይሆን እሷ ላይ ነበር። እህትየው እንኳ ሻይ መቅዳቷን ትታ ዙሪያዋን አየች።

"ዝናቡ በቀኝ ብቻ ነው እንዴ የሚዘንበው?" አሉ ተቋራጩ።

ባለ ስፒከሯ የግራውን ድምፅ በዴሲቤል እየቆጠረች ጨመረች። ሦስት።

"አሁንስ?"

"ግራው የለም።"

ሰባት። "አሁንስ?"

"ልጄ፣ ግራው የለም እያልኩሽ ነው።"

አሥር። መቁጠሪያው አሥር ላይ ቆመ፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። በግራ በኩል የቆመችው እህትየው ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ተቋራጩ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻዩን አንስተው ፉት ሲሉ በግራ የከንፈራቸው ጠርዝ በኩል ቀስ ብሎ ወረደ፤ ሸሚዛቸው እስኪርስ አላወቁትም። ሊነሱ ሲሉ ደግሞ ተንገዳገዱና የባለ ስፒከሯን ትከሻ ያዙ።

"ይሄ ወለል ልክ አይደለም" አሉ።

"ወለሉን ራስህ ነህ ያፈሰስከው፣ አባዬ" አለ ልጁ፤ ሁሉም ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። እጃቸው ትከሻዋ ላይ እንዳለ ደብተሩን ገለጠች። ያው ገጽ ነው። የመጀመሪያው ቀን፤ ማይክ ዜሮ፣ ጆሮ ዜሮ። ሁለተኛው፣ ከስምንት ወር በኋላ፤ ማይክ ዜሮ፣ ጆሮ በግራ ሦስት። ሦስተኛው፣ ከዚያ ስድስት ወር ቆይቶ፤ ማይክ ዜሮ፣ ጆሮ በግራ ሰባት። ዛሬ አሥር፤ አሥርም አልበቃም።

ሦስት ላይ ሳለ የኮንክሪት ማደባለቂያው ነው ብላ ነበር። ሠላሳ ዓመት የጮኸበት ጆሮ ቢደክም ምን ይገርማል? ሰባት ላይ ግን ማደባለቂያ ጆሮ እንደማይመርጥ ታውቅ ነበር። የደከመ ጆሮ ሁለቱም ይደክማል፤ በአንድ ወገን ብቻ እንዲህ የሚሄድ ነገር ሌላ ነገር ነው። ሐኪም አይደለችም፤ ግን መልካት ታውቃለች። "ጋሼ፣ ጆሮዎን ይታዩ" የሚል ዓረፍተ ነገር አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ሦስት ቃል። ካለችው ግን ተቋራጩ ወደ ሐኪም ይሄዳሉ፤ ክፍሉ ይዘጋል፤ አቧራ የሚጠረግለት ስፒከር አይኖርም። ልጁ ደግሞ በየአሥራ አምስት ቀኑ ካላያት በራሱ እግር እሷ ሰፈር የሚደርስ ሰው አይመስላትም ነበር። ስለዚህ ሰባት ብላ ጻፈችና ደብተሩን ዘጋች።

አሁን ሁሉም ወደ እሷ ያያሉ። "ገመዱ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አመጣለሁ" ብትል ያምኗታል። አንድ ሳምንት ይገኛል።

የተቋራጩን ሸሚዝ አየች። የሻዩ እርጥበት ወደ ደረታቸው እየሰፋ ነበር።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ። ወንበሩን ላዞረው ነው።"

"ስክሪኑን ጀርባዬን ልሰጠው?"

"ለአንድ ደቂቃ።"

ልጁ መጥቶ አገዛት፤ ወንበሩን አዞሩት። ተቋራጩ ፊታቸውን ወደ በሩ አደረጉ። የግራውን ወደ ዜሮ መለሰችና ዝናቡን እንደገና ለቀቀችው።

"አሁን የት ነው የሚዘንበው?"

ቆዩ። "በቀኝ።"

"በየትኛው ቀኝ?"

"በእኔ ቀኝ ነዋ።"

"ቅድም የለም ያሉኝ ስፒከር አሁን በቀኝዎ ነው፣ ጋሼ። ይኸው እየሰሙት ነው።"

ዝናቡ እየዘነበ ነበር። ተቋራጩ ግራ እጃቸውን አንስተው ጆሯቸውን ነኩ፤ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚነካ ሰው።

"ዕቃው ደህና ነው" አለች። "አሮጌውም ደህና ነበር። የግራ ጆሮዎ ነው። ሐኪም ይየው፤ ነገ ሳይሆን ዛሬ።"

"ምን ትላለች ይቺ?" አለች እህትየው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አሉ ተቋራጩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

"አሁን ነዋ ያወቀችው፣ አባዬ! አሁን አይደል ወንበሩን ያዞረችው?" አለ ልጁ።

"አንተ ዝም በል" አለችው ባለ ስፒከሯ።

"አንተ" የምትለዋን ቃል እህትየው ሰማቻት። ተቋራጩም ሰሟት፤ በቀኝ በኩል ነበር የቆመችው። ባለ ስፒከሯ ደብተሩን ከፍታ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠች፤ ዕቃዋን ሰበሰበች። ወደ ኋላው ግራ ቀና ብላ አላየችም። ጫማዋን ስታጠልቅ ክርዋን ሦስት ጊዜ አሰረችው፤ ሦስቴም ተፈታባት።

*

በዘጠነኛው ቀን ልጁ ደወለላት። "ሐኪሙ ሊያናግርሽ ይፈልጋል" ብቻ አለ። ድምፁ ውስጥ "ጉዳዩ" እንኳ አልነበረም።

ሐኪሙ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነበር፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሰማያዊውን ደብተር ይዟል። እህትየው አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ልጁ መስኮቱ ጋ።

"ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ? ማሽኑ ምን ያህል ልክ ነው?"

"ልክ ነው።"

"ቀኖቹስ?"

"እነሱም ልክ ናቸው።"

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። "አንዳንዱ የጆሮ ምርመራ እንኳ እንዲህ ጥርት ብሎ አይመጣልኝም። በመስማት ነርቩ ላይ እብጠት አለ። አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ የእሳቸው ግን ቸኩሏል። ሦስት ላይ ቢመጡልኝ በጨረር እሞክረው ነበር። ሰባት ላይም ምናልባት። አሁን አንጎላቸውን መግፋት ጀምሯል። ቀዶ ከማውጣት በቀር ሌላ መንገድ የለኝም። ጆሮው ይሄዳል። የፊታቸው ነርቭ አብሮት ታስሯል፤ እሱም ሊሄድ ይችላል።" ደብተሩን ለልጁ መለሰለትና መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። ሌላ በር ከፍቶ ገባ።

እህትየው ተነሳች። ባለ ስፒከሯ ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ቢመጣ ይቀላት ነበር። እህትየው ግን አጠገቧ ስትደርስ እንደ ግድግዳ አለፈቻትና ወደ አባቷ ክፍል ሄደች።

ልጁ ደብተሩን ከፍቶ ያነብ ነበር። ጣቱ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ።

"ይሄ ቀን..." አለ። "መሰላሉን የያዝኩልሽ ቀን ነው። እጅሽን የያዝኩበት።"

"አዎ።"

"ሦስት።"

"አዎ።"

ጣቱ ወረደ። "ይሄ ደግሞ 'የኔ' ብዬ የጻፍኩልሽ ቀን ነው። ወረቀቱን እዚያው ቆመሽ አንብበሽ ስታለቅሺ አይቼሻለሁ፤ በሩ ሥር ነበርኩ። በደስታ መስሎኝ ሌሊቱን አልተኛሁም።" ቀና አለ። "ሰባት። ለእሱ ነበር የምታለቅሺው?"

"ለሁለቱም።"

"ታውቂ ነበር?"

"ቁጥሩን አውቅ ነበር።"

"ይሄ መልስ አይደለም።"

"አውቅ ነበር" አለች። "ስሙን አላውቅም እንጂ አንድ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር። ብናገር አንተን አላገኝህም ብዬ ነው። አንተ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስትል..."

"በእኔ ነው እንዴ የምታመካኚው?"

"አይደለም።"

"እኔ ዋጋ ሳወዳድር፣ የትኛው ዕቃ ቅንጣት ሳይቀንስ ያሳልፋል ስል፣ አጠገቤ ተቀምጠሽ 'ልክ ነው' አልሽ። ልክ ነው አልሽኝ!" ከድምፁ ኃይል ነርሷ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የአባቴን ጆሮ በየጊዜው እየለካሽ፣ ከእኔ ጋር የምትውይበትን ቀን ነበር የምትገዢው።"

የምትመልሰው ነበራት። እውነቱን የተናገረችው እሷው ራሷ መሆኗን ልትነግረው ትችል ነበር፤ ደብተሩን ማንም ሳያስገድዳት መስጠቷን፣ አንድ ሳምንት መጨመር ስትችል አለመጨመሯን። ግን ሁሉም ከሰባት በኋላ የመጡ ነገሮች ነበሩ። ከሰባት በኋላ የመጣ ነገር ሁሉ ዋጋ እንደሌለው ሐኪሙ አሁን ነግሯታል።

ደብተሩን ዘረጋላት። ስትቀበለው ጣቶቹ እንዳይነኳት በጠርዙ ብቻ ያዘው። በዚያች ትንሽ ጥንቃቄ ውስጥ ያለውን ሁሉ ተረዳች፤ ደረጃውን ወረደች።

*

ከሦስት ወር በኋላ ተቋራጩ ራሳቸው ደወሉ። "ነይና ስፒከሬን አስተካክይ" አሉ። ድምፃቸው በአንድ ጉንጭ የሚያኝክ ሰው ድምፅ ነበር።

እህትየው በሩን ከፈተች። "ግቢ" አለች። ስለ ጫማ ምንም አላለችም። ባለ ስፒከሯ ራሷ አወለቀችው፤ "ደግሞ መጣሽ?" የሚለው ቃል እንዲህ ይናፍቃል ብላ አስባ አታውቅም።

ተቋራጩ በትልቁ ወንበር ላይ ነበሩ። የፊታቸው ግራ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወርዷል፤ የግራ ዓይናቸው አይከደንም፤ እህትየው በየሰዓቱ ጠብታ ታደርግላቸዋለች። ቀኙ ግን ያው ነበር፤ ቀኙ ይስቃል።

"በቀኝ በኩል ነይ። በግራዬ የሚቆም ሊያማኝ የፈለገ ብቻ ነው። ዘመድ ሁሉ ሊጠይቀኝ ይመጣና በግራዬ ይቀመጣል።"

በቀኝ በኩል ተንበረከከች። "ምን ላድርግልዎ፣ ጋሼ?"

"ይሄ ሁሉ ስፒከር ለማን ነው? የግራውን አውርጂ። ድምፁን ሁሉ ሰብስበሽ በቀኝ አምጪልኝ።"

"ዙሪያው ይጠፋል።"

"ዙሪያውማ ጠፍቷል፣ ልጄ።"

መሰላሏን ዘረጋች። ምንም የማይቀንሰው መሣሪያ አሁን ሰባቱን ድምፅ አንድ ላይ ቀላቅሎ በአንድ ወገን እንዲያወጣ ማዘዝ ነበረባት፤ ትእዛዙን እየፈለገች ስትጫን የራሷን ሥራ በራሷ እጅ የምታፈርስ መሰላት። የፊተኛውን ግራ አወረደች። የጎኑን አወረደች። የኋላው ግራ ጋ ስትደርስ ልማድ ሆኖባት ሽፋኑን በጥፍሯ ሳብ አደረገችው።

ወረቀት ነበር። በአራት የታጠፈ። አዲሱ ዕቃ በተገጠመበት ቀን የተጻፈ። መሰላሉ ላይ እንደቆመች አነበበችው።

"ጉዳዩ፦ ለአባዬ ስለ መንገር

ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ በጣም ዘግይቻለሁ። ትናንት ማታ መስተዋት ፊት ተለማመድኩት፤ አልከበደም። ዛሬ ለክተሽ ስትጨርሺ ዕቃሽን ቶሎ አትሰብስቢ። እሱ ዝናቡን ሰምቶ ሲደሰት በስምሽ እጠራሽና አጠገቤ ነይ እልሻለሁ። ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት ማንም ባለ ስፒከሯ አይልሽም። እምቢ ካለኝ መሰላሉን እኔ ተሸክሜ አብሬሽ እወጣለሁ።

ግልባጭ፦ ለእትዬ፣ መስማቷ ስለማይቀር።"

ቀና ስትል ልጁ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ከስቷል። መጥቶ ከወንበሩ በግራ ቆመ። ከመሰላሉ ወረደች፤ እሷም በግራ ቆመች። አጠገባቸው ተቋራጩ ተቀምጠው፣ የጠፋውን ጥቁር ስክሪን ያያሉ።

"አላነበብሽውም ነበር" አለ። በተለመደው ድምፁ ነበር የተናገረው፤ አባቱ አልዞሩም።

"አላነበብኩትም። 'አትነግረውም' ብዬ ስለደመደምኩ።"

"እንድታነቢው ብዬ አልነበረም የተውኩት። ለማውጣት እጄ አልሄድልኝ ብሎ ነው።"

"የጻፍከው እውነት ነበር?"

"እውነት ነበር። ግን የጻፈው ሰው ሰባትን አያውቅም ነበር።" እጁን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፈ፤ ከአባቱ ጆሮ አንድ ጣት ርቀት ላይ። "አንቺን ብቻ አይደለም የምወቅሰው። አብሬው አንድ ማዕድ እየበላሁ ሻይ ሲፈስበት አላየሁም። አንቺን ስጠብቅ እሱን አላየሁትም።"

"ታዲያ እኩል ነን?"

"አይደለንም" አለ። "እኔ አላየሁም። አንቺ አይተሽ ጽፈሽዋል። ልረሳው ሞክሬያለሁ፤ አንቺን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣልኝ ፊትሽ ሳይሆን ያ ገጽ ነው።"

ወረቀቱን ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። "ያዢው" አለ። "ላንቺ የተጻፈ ነው።" ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው፤ በኃይል ቢዘጋው ኖሮ ተስፋ ይኖራት ነበር።

ወደ ቀኝ ዞረች። ማይኩን ከሣጥኗ አላወጣችም፤ በዚህ ቤት ማይኩ የሚለው ነገር ከእንግዲህ ለማንም አይጠቅምም። ዝናቡን ለቀቀችው። በቀኝ ከተረፉት ስፒከሮች ዝናቡ ሁሉ፣ ቆርቆሮውም ቅጠሉም፣ በአንድ ላይ ዘነበ።

ተቋራጩ ሰሙ። ደህናው ዓይናቸው ተከደነ፤ የግራው እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ እጃቸውን ሲያነሱ ድምፁን ዝቅ አደረገችው።

"ስክሪኑ ሲጠፋ መስተዋት ነው" አሉ። "ሁለታችሁንም አይቻችኋለሁ። አፋችሁ ሲንቀሳቀስ አይቼ፣ ምን እንደምትሉ ባልሰማም ምን እንደሆነ አላጣሁትም።"

በቀኛቸው ተንበረከከች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያኔ፣ ሰባት ላይ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

ሰበብ አልፈለገችም። "ልጅዎን እንዳላጣው ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

"እና፣ አላጣሽውም?"

ቃሉን ስትለው ለራሷም የማይሰማ ሆኖ ወጣ። ተቋራጩ ደህናውን ጆሮ ወደ እሷ አስጠጉ፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ሁለቱም ወገን ዜሮ ሳለ እንዳደረጉት።

"አጣሁት" አለች እንደገና።

"አሁን ጥርት ብሎ ተሰማኝ" አሉ ተቋራጩ። እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ፤ ያ እጅ ይቅር ብሏት ይሁን ተደግፏት ይሁን ባለ ስፒከሯ ልትለየው አልቻለችም። ከሥሩም አልተነሳችም።